ሽማግሌ ሁን ተባልኩ፣ ከገዛ ወንድሜ ጋር ግን አልነጋገርም

የሸገርልጅ71፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ሚያዝያ ላይ 47 ሞላኝ። ልደት የማከብር ሰው አይደለሁም፣ ልጄ ናት ኬክ ይዛ የመጣችው፣ እኔም መነጽሬን ሳላደርግ ላዩ ላይ የተጻፈውን ላነብ ብዬ ኬኩን ክንዴ እስኪደርስ አርቄ ስይዘው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሺ ይሁን፣ አይን ይደክማል፣ ጉልበትም ደረጃ ላይ ቋ ይላል፣ ይሄን ለምጄዋለሁ። ያለመድኩት ያለፈው እሁድ የመጣብኝን ነው።

የእድራችን ሰብሳቢ ቤቴ ድረስ መጡ። ቡና ተፈላ፣ አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። በረካው ላይ "አንድ ነገር ልናስቸግርህ ነው" አሉኝ። ሰፈራችን አንድ እናት ነበሩ፣ ካረፉ አመት ከአራት ወር ሆናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ትልቁ አብሯቸው የኖረ፣ አስታሞ የቀበራቸው ነው። ትንሹ 11 አመት ሪያድ ሹፌር ሆኖ ብር ሲልክ ነበር፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሶስት ሰርቪስ ክፍሎች በሱ ብር ነው የተሰሩት፣ አሁን ተከራይተዋል። ቤቷ በ67ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ለቤተሰቡ የቀረች አንዷ ቤት ናት። ትንሹ ጠቅልሎ ገባና "ይሸጥና እንካፈል" አለ፣ ትልቁ "ከዚህ ቤት የምወጣው ሬሳዬ ነው" አለ። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ከተነጋገሩ አምስት ወር አልፏቸዋል፣ ትንሹ ጠበቃ ሊይዝ ነው።

"ሶስት ሰው እንልካለን፣ አንዱ አንተ ነህ" አሉኝ። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም እኮ ጋሼ ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መስታወት የለም እንዴ እዚህ ቤት?" ሃሃሃ

ችግሬ ግን ሽበቱ አይደለም። እኔ ራሴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከተኳረፍን 6 አመታችን ነው። በጋራ በገዛናት ሚኒባስ ነው የተጣላነው፣ ሂሳቡን ልተወውና በቃ ተጣላን። አዳማ ነው ያለው፣ በፍጥነት መንገዱ ሰአት ከምናምን። ለቅሶ ላይ እንገናኛለን፣ "ደህና ነህ" "ደህና"፣ አለቀ። ልጆቻችን በቴሌግራም ይጻጻፋሉ እኛ ግን አንደዋወልም። ታዲያ በየትኛው አፌ ነው ሁለት ወንድማማቾችን ታረቁ የምለው? ሰው ሲያረጅ ይበስላል የሚባለው ነገር እኔ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ። ሽማግሌ ሆኖ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ እንቢ ልበል?

ኪያ26፦
ብሮ ሶሪ ግን በዚህ ዘመን ሽማግሌ ምንድነው ስራው? ውርስ ነው፣ ህግ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። እኔ የማውቀው ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ መጥቶ "ልጅ ነሽ ተይ" የሚል ሰውዬ ነው። የእህቴ ጊዜ እኮ አዳራሹ ተይዞ፣ ካርዱ ታትሞ፣ ቬሎው ተከራይቶ፣ ሶስቱ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ሲሉ አባቴ ደግሞ ምንም እንደማያውቅ ሰው "ምን ገጥሟችሁ ነው?" ሲላቸው ሳቄ መጥቶ ጓዳ ገባሁ። ከዛ "ዘመድ እናማክር፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ"። ንጹህ ቲያትር። እድሜ ብቻውን ምንም አይደለም፣ 60 አመት ሙሉ አንድ ስህተት ሲደጋግም የኖረ ሰው አውቃለሁ (አጎቴ)

ጡረተኛው_መምህር፦
ኪያ ልጄ ቲያትሩን አትናቂው። "የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ" ለይስሙላ የሆነው አሁን ነው፣ ድሮ ያቺ ሁለት ሳምንት ስራ ነበራት፣ ሰባት ቤት ይቆጠርባታል። ሊያገባት ሽማግሌ የላከባት ልጅ በስድስተኛው ቤት ዘመዱ ሆና የቀረችበት ሰው አውቃለሁ። አጎትሽን ግን ተቀብያለሁ፣ እንደሳቸው ያሉ ብዙ ነን።

የሸገርልጅ፣ አንተን ደግሞ አንድ ነገር ላውራህ። 1971 ሐምሌ ላይ የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር 18 አመቴ ነው (የተወለድኩበትን ቀን እናቴ አታውቀውም፣ "የታህሳሱ ግርግር ጊዜ አራስ ነበርኩ" ነው የምትለው፣ ስለዚህ 53 ብዬ ያዝኩት)። ጎጃም ተመደብኩ፣ ክፍሉ ዋርካ ስር ነው። ተማሪዎቼ ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ እጃቸው እርፍ የለመደ ስለሆነ እርሳስ ሲይዙ አጥብቀው ይሰብሩታል። በአንድ ቀን ሶስት እርሳስ ሰበሩብኝ። እርሳስ ደግሞ በቁጥር ነው የተሰጠን። እኔም ልጅ ነኛ፣ ሰው ፊት ተቆጣኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው "እሺ የኔታ" አሉኝ። በ18 አመቴ የኔታ!

ማታ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በበሬ ተጣልተው እኚህ ሰው ጋ መጡ። የአንዱ በሬ የሌላውን ጤፍ ገብቶ በልቶበት፣ ባለጤፉ ዱላውን እንደያዘ ነው። ያ ቀን እርሳስ ሲሰብር የዋለ እጅ ሳር ነቅሎ ቀስ እያለ ይፈትላል፣ ሰውየው ይናገራል። ሲጨርስ "እስቲ ደግመህ ንገረኝ" አሉት። ደገመ። "እስቲ አሁንም" አሉት። ሶስተኛው ላይ በሬውን ትቶ "ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ አገሩን ሁሉ ጠርቶ እኔን ዘለለኝ" አለና ሳግ ያዘው። ከዛ ወዲያ በሬው አልተነሳም፣ ካሳው አንድ ቁና ጤፍ ሆኖ አለቀ። በማግስቱ እርሳሳቸውን እኔ ራሴ ቀርጬ ሰጠኋቸው።

እንቢ አትበል። ከወንድሙ ተኳርፎ የማያውቅ ሰው ስለ ኩርፊያ ምን ያውቃል? አንተ እኮ ውስጡ ነው ያለኸው፣ ማታ ማታ ምን ምን እንደሚያስብል ታውቃለህ።

ብርቱካን_ነኝ፦
ጋሼ ታሪኩ ደስ ይላል ግን ሁሉም እንደዛ እንዳይመስላችሁ እኔም ልናገር። በ23 አመቴ ነው ያገባሁት። እጁን ያነሳብኝ ነበር። አራት ጊዜ ቤተሰቦቼ ጋ ሄጃለሁ፣ አራት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶ መልሶኛል። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሽበታሞች፣ ሁሉም "ትዳር ነው፣ ታገሺ፣ ባልና ሚስት ካንድ ባህር ይቀዳል"። አንዱ እንደውም የተሰበረ ጣቴን እያየ ነው ይሄን ያለኝ። አምስተኛው ላይ የጎረቤታችን አያት፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሴትዮ፣ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ምሳ ሲበሉ ጓዳ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡና "አንቺስ ምንድነው የምትፈልጊው?" አሉኝ። በስድስት አመት ውስጥ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም በእውነት። መልስ አልነበረኝም፣ ብቻ አለቀስኩ። በሳምንቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ ሶስት ወር አስቡበት ተባልን፣ አሰብኩበት፣ ተፋታሁ። አሁን 44 ነኝ፣ ሁለት ልጆቼን አሳድጌአለሁ።

ወንድሜ ብትገባበት ጥሩ ነው ግን የምታስታርቀው ለነሱ ነው ወይስ ሰፈሩ እንዳይረበሽ? ለሰፈሩ ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ኪያ26፦
ብርቱካንዬ 💔 በቃ የኔን ሀሳብ በደንብ ተናገርሽው። ደግሞ ለምንድነው እሳቸው ጓዳ ሽማግሌዎቹ ሳሎን የሆኑት? ጥያቄውን የጠየቀችው ጓዳ ያለችው ናት

ጠበቃው፦
ብርቱካን፣ በድሮው የፍትሐ ብሔር ህግ ፍቺን የሚያዩት ራሳቸው የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ ነው ውሳኔውን ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው። ያንቺ አይነት ታሪክ ስንት እንደነበር አስቡት።

የሸገርልጅ ላንተ ባጭሩ፦ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ወራሽ ናቸው፣ አስታመምኩ ስላለ ድርሻው በራሱ ጊዜ አይጨምርም። ሰርቪሱን በራሱ ብር የሰራውም ያወጣሁትን ልጠይቅ ካለ ማስረጃ ያስፈልገዋል፣ የሀዋላ ወረቀት ደግሞ የትኛው ብር ለሲሚንቶ የትኛው ለእናት መድሃኒት እንደሆነ አይናገርም። እንዲህ አይነት ፋይል ሲጎተት አይቻለሁ፣ ቤቱ ይረክሳል፣ ወንድማማቾቹ ያረጃሉ፣ እኛ እንከፈላለን (እውነቱን ልናገር ብዬ ነው)። ከተስማሙ ግን በቃል እንዳታስቀሩት። የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው፣ በጽሁፍ አድርጋችሁ ውልና ማስረጃ ውሰዱት።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ቁምነገሩን ላቋርጥ ነው ይቅርታ። 52 ነኝ፣ 24 አመት አሜሪካ ኖሬአለሁ፣ ባለፈው ወር እዚሁ ሰፈር ያለ ሀበሻ ሬስቶራንት ገብቼ አስተናጋጁ ልጅ "ምን ልታዘዝ ማዘር" አለኝ። ማዘር!! ዞሬ ኋላዬን አየሁ እኮ ሌላ ሰው መስሎኝ። ወደ ቤት ስነዳ ተናድጄ፣ ከዛ ሳቄ መጥቶ፣ ከዛ አላውቅም ለምን አለቀስኩ። እናቴን ማዘር ይሏት የነበሩ የሰፈራችን ልጆች ትዝ አሉኝ፣ ያን ጊዜ ለካ እሷ 40ም አልሞላት።

እዚህ ሽምግልና በዙም ሆኗል፣ አንዱ ሽማግሌ ሚውት ላይ ሆኖ ሃያ ደቂቃ መከረን። ሃሃ

ነታንያ_ወለተጎንደር፦
እኔ ከእስራኤል ነኝ። አባቴ ጎንደር ገጠር ሽማግሌ ነበር፣ የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ መጥቶ የሚፈርድለት ሰው ነበረ። ግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን መጣን፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰአት፣ እኔ 9 አመቴ። እዚህ ስንደርስ የመብራት ሂሳብ ወረቀት እንኳ ማንበብ አይችልም፣ ቋንቋውን ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ባንክ ቤት፣ ሀኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ እኔ ነኝ የማስተረጉምለት። 12 አመቴ ላይ አንድ ቢሮ ውስጥ ሊናገር አፉን ሲከፍት "አባ ዝም በል እኔ ላውራ" አልኩት፣ ሰው ፊት። ዝም አለ። መልሶም አልተናገረኝ። እቤት ስንገባ ጋቢውን ደርቦ ግድግዳውን እያየ ተቀመጠ።

ምን እንዳደረግኩት የገባኝ ባለፈው አመት ነው፣ ልጄ ስልኬን ከእጄ ነጥቃ "እማ ተይው አይገባሽም" ስትለኝ። አባቴን ይቅርታ ልለው ብዬ ሄድኩ፣ 80 አልፎታል አሁን። ጭራሽ አላስታወሰውም። ወይም አላስታወስኩም አለኝ፣ እሱን ማወቅ አይቻልም። እዚህም እስካሁን ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሎች ይጠራሉ፣ ዕብራይስጡም ቃሉን እንዳለ ወስዶታል፣ እሱን ግን ከጠሩት ቆየ።

ጡረተኛው_መምህር፦
አላስታወስኩም ያለሽ አስታውሶ ነው የኔ ልጅ።

የሸገርልጅ71፦
ሁላችሁንም አንብቤአለሁ፣ የብርቱካንን ሁለቴ። ሄድን። ቅዳሜ ጠዋት፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ፣ እና እኔ። ኮት ለብሼ ነጠላ ጣል አድርጌ፣ ሚስቴ በር ላይ አይታኝ "አባትህን መሰልክ" አለችኝ።

በየተራ ነው ያነጋገርናቸው። መጀመሪያ "ከሽማግሌ ቃል አልወጣም በሉ" ብለን ሁለቱም ዋስ ጠሩ፣ እሱ ደህና ሄደ። ከዛ የጋሽ መምህርን ዘዴ ልሞክር ብዬ ትንሹን "እስቲ ደግመህ ንገረን" አልኩት። ደገመ። "እስቲ አሁንም" ስለው "ጋሼ ጆሮ የላችሁም እንዴ? ስንት ጊዜ ነው የምናገረው?" ብሎ ተነሳ። መቶ አለቃው ሊቆጡት፣ ሰብሳቢው ሊያረጋጉት፣ እኔ ላቤ በጀርባዬ። ምንም ሳንይዝ ወጣን። ማክሰኞ እንመለሳለን ብለናል። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ተባልኩ እሱም በቁጣ።

ኪያ26፦
ሃሃሃሃ ጋሽ መምህር ዘዴዎ ኤክስፓየር አድርጓል

ጡረተኛው_መምህር፦
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘዴ አስመሰልኩት። ሰውየው ሳር እየፈተሉ ነበር አልኩህ እኮ፣ እኔም አሁን ነው ልብ ያልኩት፣ አፍጥጠው እያዩት አይደለም የጠየቁት። አንተ ኮት ለብሰህ ሶስት ሆናችሁ ፊት ለፊት ተደርድራችሁ ስትጠይቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚመስለው።

ዝምታ_ወርቅ፦
እኔ የምለው ደግሞ ለምን ትደክማላችሁ፣ ትልቁን ሄዳችሁ "ወንድምህ በደልኩት ብሎ አልቅሷል" በሉት፣ ትንሹንም እንደዛው በሉት፣ ይገናኙና ይተቃቀፋሉ። ሽማግሌ ዋሽቶ ያስታርቃል ይባል የለ

ኪያ26፦
እንዳታደርገው!!! እኔና ጓደኛዬን እንደዛ አርገውናል። "ይቅርታ ብላለች" ተብዬ ሄጄ አቀፍኳት፣ ለካ እሷንም "ኪያ ይቅርታ ብላለች" ብለዋታል፣ ሁለታችንም ስንጠብቅ ከርመን በሁለተኛው ወር ሲታወቅ ከበፊቱ ባሰ። አሁን እሷንም ያስታረቁንንም አላናግርም።

ጡረተኛው_መምህር፦
እዚህ ላይ ኪያ ትክክል ናት። እኔም አንዴ ተይዤበታለሁ፣ ሁለት መምህራን ነበሩ፣ የተናገርኩትን ውሸት አፍ ለአፍ ሲገናኙ ተመሳከሩበትና ሁለቱም እኔ ላይ ዞሩ። በአንድ ነገር ብቻ ታረቁ፣ እኔን በመጥላት። ድሮ ሰው ርቆ ስለሚኖር ነው ውሸቱ የሚሰራው፣ አሁን ሁሉም ስክሪንሾት ይይዛል።

አርባምንጭ_ሲቀላ፦
አንድ ነገር ልጨምር። መስከረም 2011 አርባምንጭ ነበርኩ፣ 22 አመቴ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ተሰምቶ ወጣቱ ደሙ ፈልቶ ለበቀል ወጥቷል፣ እኔም መሀሉ ነኝ፣ አልዋሽም። የጋሞ አባቶች መጡ። ዱላ የለ፣ ማይክ የለ፣ እርጥብ ሳር ይዘው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። በኛ ባህል አባት ሳር ይዞ ከተንበረከከ አልፈኸው አትሄድም። ማለፍ አይቻልም በቃ፣ እግርህ እንቢ ይላል። ተመለስን። ያን ቀን ምክር አልሰጡንም፣ ታሪክ አልነገሩንም፣ ጉልበታቸውን ብቻ ነው የሰጡን፣ አብዛኛው ደግሞ ተንበርክኮ መነሳት የሚያቅተው ነው። አንዱን ደግፌ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ ክብደቱ ምንም አልነበረም፣ እንደ ልጅ።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ይሄን ስራ ቦታ ባላነበው ጥሩ ነበር

የሸገርልጅ71፦
እሺ። ማክሰኞ ሄድን፣ ቆይቼ የጻፍኩት ሀሳቤ እስኪሰበሰብ ነው።

ኮቱን ትቼ በሹራብ ሄድኩ። ትልቁ ጋ ገብተን ያንኑ ሰማን፣ አስታመምኩ፣ ሶስት አመት ተኩል አልጋ ላይ፣ ዳይፐር የቀየርኩት እኔ ነኝ። ትንሹ ጋ ገባን፣ ያንኑ። ሰብሳቢው ደክሟቸው "እንግዲህ ፍርድ ቤት ይለያችሁ" ሊሉ ነው። ስንወጣ ትንሹ እስከ በር ሊሸኘን መጣ፣ እኔ ጫማዬ ተፈቶ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጎንበስ ብዬ ሳስር አጠገቤ ቆሞ ግቢውን ያያል። ከዛ እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ "ድንኳኑ የት ጋ ነበር የተተከለው?" አለኝ።

አልገባኝም መጀመሪያ። "የቱ ድንኳን?" አልኩት። "የእናቴ" አለ።

ለቅሶው ላይ ነበርኩ እኮ፣ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነኝ፣ እድርተኛ ነኛ። ወስጄ አሳየሁት። ከሎሚ ዛፏ ስር እስከ ሰርቪሱ ግድግዳ። ካስማ የተመታበት ቀዳዳ አለ አሁንም፣ አንዱ ላይ ሳር በቅሎበታል፣ አንዱ ባዶ ነው። በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። "ሰው በዝቶ ነበር?" አለኝ። በዝቶ ነበር አልኩት፣ መንገዱ ድረስ። "እኔ በፌስቡክ ነው ያየሁት" አለ።

ያክስታቸው ልጅ ፎቶዋን ከሻማ ጋር ለጥፎት፣ እሱ ሪያድ መኪና ውስጥ ደንበኛ እየጠበቀ ስልኩን ሲከፍት "ነፍስ ይማር"። መርዶ የለ፣ ደግፎ የሚይዘው ሰው የለ፣ ደንበኛው ገብቶ ተቀመጠ፣ ነዳው። አርባ ደቂቃ ነዳሁት አለኝ። ወንድሜ እንኳ አልነገረኝም አለ።

እዛው ትቼው ትልቁ ጋ ተመለስኩ፣ ብቻዬን። ለምን አልነገርከውም አልኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዛ ተቀመጠና ነገረኝ። በስልክ መርዶ ይነገራል ወይ፣ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ቢሆንስ ብሎ ሪያድ ያሉ የሰፈር ልጆችን አፈላልጎ፣ ሶስት ሆናችሁ ሌሊት 11 ሰአት ስራ ሳይወጣ ቤቱ ድረስ ሂዱና አርዱት ብሎ ተስማምቶ ነበር፣ ለማግስቱ። ያ ልጅ ማታውኑ ለጠፈው። "ታዲያ ይሄን ነገርከው?" አልኩት። "ያውቃል ብዬ ነው፣ ልጆቹ የነገሩት መስሎኝ" አለ። ልጆቹ ደግሞ ቀድሞ ሰማ ሲባሉ ሳይሄዱ ቀሩ። አመት ከአራት ወር ሙሉ እንግዲህ።

ለትንሹ እኔ አልነገርኩትም። ትልቁን ክንዱን ይዤ አወጣሁትና የካስማው ቀዳዳ ጋ አቆምኩት፣ "ንገረው" አልኩት፣ እኔ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ሰብሳቢውና መቶ አለቃው "ምን አደረግክ?" ይሉኛል፣ ጫማዬን ነው ያሰርኩት አልኳቸው።

ቤቱ አላለቀም ለማለት ነው። ለጊዜው የሶስቱን ሰርቪስ ኪራይ ትንሹ ይውሰድ፣ ሽያጩ እስከ መስከረም ይቆይ ተብሎ በጽሁፍ ሆኗል (ጠበቃው አመሰግናለሁ)፣ ስለ ዋናው ቤት ትናንትም ጮኸዋል። ግን በአንድ በር እየወጡ ነው የሚጮኹት።

ብርቱካን_ነኝ፦
ጫማህ በመፈታቱ ነው ጉዳዩ የተፈታው 😭 ተባረክ ወንድሜ። ለነሱ ነው ያደረግከው፣ ያስታውቃል።

ጠበቃው፦
20 አመት በዚህ ሙያ አለሁ፣ ከክስ ማመልከቻ ውስጥ "ድንኳኑ የት ጋ ነበር" የሚል አንብቤ አላውቅም። መስከረምን ቀን ቆርጣችሁ ጻፉት ግን፣ "እስከ መስከረም" ብቻ ከሆነ መልሰው ይጣሉበታል።

ኪያ26፦
እሺ ይሁን፣ ሽማግሌ ላይ የተናገርኩትን ግማሹን አንስቻለሁ። አጎቴን ግን አላነሳም

ጡረተኛው_መምህር፦
የሸገርልጅ፣ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህና ካልፈለግክ አትመልስልኝ። ያቺን ሚኒባስ ለስድስት አመት ስታወራት ነው የኖርከው መሰለኝ። ከሚኒባሷ በፊትስ?

የሸገርልጅ71፦
ጋሼ ይሄን ጥያቄ ካነበብኩት ሶስት ቀኔ ነው።

ከሚኒባሷ በፊት የአባታችን ህመም ነበር። ሁሉንም እዚህ አልጽፈውም፣ የሱም ነውና። ብቻ አባቴ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን ማታ ማታ እኔ ነበርኩ የማድረው፣ አንድ ሌሊት በጣም ደክሞኝ ወንድሜን ተካኝ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ፣ አባቴ ያን ሌሊት አረፈ። እሱ ነው አጠገቡ የነበረው። ምን እንዳለ፣ እኔን ጠርቶኝ እንደሆነ፣ ጠይቄው አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም። ሚኒባሷ የመጣችው በአመቱ ነው። ሂሳቡን ትናንት ማታ ተቀምጬ ደግሜ ሰራሁት፣ ስንጣላበት የነበረው ብር ዛሬ አራት ጎማ አይገዛም።

ነታንያ_ወለተጎንደር፦
ሄደህ ጠይቀው። ሳይረሳው።

ናቲ_ሲልቨርስፕሪንግ፦
ደውልለት ማለት ፈልጌ ነበር ግን አይ፣ ሂድ

ኪያ26፦
ሽማግሌ ይዘህ ነው የምትሄደው? እኔ ልምጣ? በር ላይ ቆሜ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" እላለሁ

የሸገርልጅ71፦
ሃሃሃ ኪያ አንቺ ሰውዬውን ታስሮጪዋለሽ። እሁድ ከልጄ ጋር ነው የምሄደው። አልደወልኩለትም፣ ከደወልኩ ከተማ ውስጥ የለሁም እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነው የምለው። የሱ ልጅ ግን ቤት እንደሚሆን ለልጄ በቴሌግራም አረጋግጣላታለች፣ ስድስት አመት ሙሉ ይሄ ኔትወርክ እያለን አልተጠቀምንበትም።

የሸገርልጅ71፦
ሰላም የአባቴ ቤተሰቦች፣ እኔ ልጁ ነኝ የምጽፈው። ሞጆን አልፈናል። እሱ እየነዳ ነው፣ መልስ የጻፋችሁለትን አንብቢልኝ አለኝ፣ ለካ መነጽሩን ረስቶት ነው የወጣው። አሁን ደግሞ "ፍጥነት ቀንስ በይኝ" ይለኛል፣ እኔ የማየው ግን 60 ላይ ነው፣ ከኋላችን ያለው አይሱዙ ክላክስ እያደረገብን ነው።